የአሰልጣኝ ባህሪ በአትሌት መጠይቅ ይለካል ወይ?

እንደሚታወቀው በትምህርት ክፍላችን የሲኒየር ኤሴይ ርዕስ በሚመረጥበት ሰሞን በብዛት ከሚቀርቡት ርዕሶች አንዱ “የአሰልጣኞች የአመራር ባህሪ እና የአትሌቶች እርካታ” የሚለው ነው። ስፖርቱ ይለወጣል፣ ክለቡ ይለወጣል፣ ከተማው ይለወጣል፤ መጠይቁ ግን ያው ነው። ፎቶ ኮፒ ይባዛል፣ ሜዳ ይወሰዳል፣ ይሞላል፣ ኤስፒኤስኤስ ውስጥ ይገባል። ከዚያም አማካይ ውጤቱ አራት አካባቢ ይሆንና “አሰልጣኞቹ ጥሩ የአመራር ባህሪ እንዳላቸው ተረጋግጧል” ተብሎ ይደመደማል። ዲፌንስ ላይም ስለ ናሙናው ብዛት እንጠየቃለን እንጂ ወረቀቱ ሲሞላ አሰልጣኙ የት ቆሞ እንደነበር ማንም አይጠይቀንም።

መጠይቅ አያስፈልግም የሚል አቋም የለኝም። እንዲያውም ከአትሌቱ አፍ የሚገኘውን ነገር በሌላ መንገድ ማግኘት አይቻልም ባይ ነኝ። ነገር ግን እኛ መጠይቁን በምናስሞላበት አኳኋን የምንለካው የአሰልጣኙን አድራጎት ሳይሆን የአትሌቱን ይሉኝታ ነው። ይህን ለምን እንደምል ላስረዳ።

አብዛኞቻችን የምንጠቀምበት በምህጻሩ ኤልኤስኤስ የሚባለውን የስፖርት አመራር መለኪያ ነው። ያዘጋጁት ቼላዱራይ እና ሳሌህ ሲሆኑ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። 40 ጥያቄዎች ሲኖሩት በአምስት ክፍል ይመደባሉ፤ ልምምድና ማስተማር 13፣ ዴሞክራሲያዊ አድራጎት 9፣ ፈላጭ ቆራጭ አድራጎት 5፣ ማኅበራዊ ድጋፍ 8፣ ማበረታቻ 5 ናቸው። መጠይቁ ሦስት መልክ አለው። አንዱ አትሌቱ ምን ዓይነት አሰልጣኝ እንደሚመርጥ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው አትሌቱ አሁን ያለውን አሰልጣኝ እንዴት እንደሚያየው፣ ሦስተኛው ደግሞ አሰልጣኙ ራሱን እንዴት እንደሚያይ። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ብቻ ነው።

ሦስት የሆነው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ቼላዱራይ ያቀረበው ሞዴል “ብዙ ነጥብ ያገኘ አሰልጣኝ ጥሩ ነው” አይልም። የሚለው ሁኔታው የሚጠይቀው፣ አትሌቱ የሚመርጠውና አሰልጣኙ በተግባር የሚያደርገው ሲገጣጠሙ ነው ውጤትም እርካታም የሚገኘው ነው። እንግዲህ አርባውን ጥያቄ ደምሮ ለአርባ አካፍሎ “አጠቃላይ የአመራር ብቃት” የሚል አንድ ቁጥር ማውጣት፣ ጤፍና በርበሬ ቀላቅሎ በአንድ ዋጋ እንደመሸጥ ነው።

በተለይ ፈላጭ ቆራጭ የሚለው ክፍል ያደናግረናል። አንዳንዱ ተማሪ የአምስቱን ጥያቄዎች ነጥብ ገልብጦ ይደምራል፣ ምክንያቱም “መጥፎ” ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ2016 ያረፉት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ስማቸው ሲነሳ ጥብቅ ዲሲፕሊናቸው አብሮ ይነሳል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴንና ደራርቱ ቱሉን የመሰሉ የኦሊምፒክ ባለ ወርቆች በእሳቸው ስር ሠልጥነዋል። በእነዚያ አምስት ጥያቄዎች ቢለኩ ከፍ ያለ ነጥብ የሚያገኙ ይመስለኛል። ታዲያ ያንን ገልብጠን ቀንሰን “ደካማ አመራር” ልንላቸው ነው? ይህን ስል ቁጣ ወርቅ ያመጣል ማለቴ አይደለም። መለኪያው ራሱ ያላለውን ነገር አስገድደን እናስብለዋለን ነው የምለው።

ለመሆኑ ስለ አሰልጣኝ አድራጎት የተሻለ የሚያውቅ ማነው? ከዚህ መጠይቅ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ስሚዝ፣ ስሞልና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ይህንኑ ለማወቅ ሞክረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የአሰልጣኝን አድራጎት በ12 መደብ ከፍሎ በዓይን እያዩ የሚመዘግቡበትን ዘዴ አሳተሙ። በማግስቱ ዓመት በወጣው ጥናታቸው 51 የልጆች ቤዝቦል አሰልጣኞችን በጨዋታ ላይ ተከታተሉ፣ 542 ልጆችንም ጠየቁ። አሰልጣኞቹንም ራሳቸውን “ምን ምን ታደርጋላችሁ?” አሏቸው። ያገኙት ነገር የሚገርም ነው። አሰልጣኞቹ ስለራሳቸው የተናገሩት በሜዳ ከታየው ጋር እምብዛም አልተገናኘም፤ ከቅጣት ነክ አድራጎት በቀር። ልጆቹ ያሉት ከተመልካቾቹ መዝገብ ጋር የተሻለ ይቀራረብ ነበር። ልጆቹ አሰልጣኛቸውን መውደድ አለመውደዳቸውም ቡድኑ ከማሸነፉ ወይም ከመሸነፉ ጋር ያን ያህል ግንኙነት አልነበረውም።

ይህ ጥናት ለእኛ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ አትሌቱን መጠየቅ ትክክል ነው፤ ከአሰልጣኙ ይልቅ እሱ ያያል። ሁለተኛ ግን እነዚያ ልጆች የተጠየቁት በሚያስቡት ነገር ምክንያት ምንም ሊደርስባቸው በማይችልበት ሁኔታ ነው። ቤዝቦሉን ቢተዉት ቤታቸው አለ፣ እራታቸው አለ። እኛ የምንጠይቀው አትሌት ብዙ ጊዜ ካምፕ ነው የሚያድረው። አልጋው፣ ምግቡ፣ ወርኃዊ ክፍያው፣ ለውድድር መመረጡ በአሰልጣኙ ብዕር ላይ የተንጠለጠለ ነው። “አሰልጣኝህ ይሰማሃል ወይ?” ሲባል ከጥያቄው በፊት የሚመጣበት አልጋው ነው።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ጓደኛዬ መረጃ ለማሰባሰብ አብሬ ወደ አንድ ክለብ ሄጄ ነበር። የክለቡን ስም መጥራት አያስፈልግም። አሰልጣኙ በጣም ጥሩ አቀባበል አደረጉልን፣ ልምምዱን አቋርጠው ልጆቹን ዛፍ ጥላ ስር ሰበሰቡልን። “እንግዶች ናቸው፣ ሞሉላቸው፣ ቶሎ በሉ” አሉና ከኋላቸው ቆሙ። አንዱ ተጫዋች ቀና ብሎ “የቱን ነው የምናከበው?” ሲል ሳቁ። አምበሉ እየዞረ ወረቀቱን ሰበሰበ፣ እግረ መንገዱንም ያላለቀውን እያየ “ይሄን ዘለልክ” ይል ነበር። በአሥር ደቂቃ ውስጥ 26 ወረቀት ተሞልቶ እጃችን ገባ። ጓደኛዬ “የመመለስ ምጣኔ መቶ በመቶ” ብሎ ጻፈ፣ እሱም እውነት ነው።

ማታ ዶርም ውስጥ ኮድ ስናስገባ አንድ ወረቀት ላይ አርባውም ጥያቄ “ሁልጊዜ” ተከቧል። ገልበጥ ስናደርገው ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ “ጉልበቴን ሦስት ወሩ ነው፣ ኮች እንዳይሰማ” የሚል ተጽፏል። ኤስፒኤስኤሱ ውስጥ ለዚያ የሚሆን ዓምድ የለም። ያ ልጅ በሠንጠረዡ ላይ በአሰልጣኙ ማኅበራዊ ድጋፍ እጅግ የረካ አትሌት ሆኖ ተቆጥሯል። እኔን ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ወረቀት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እስቲ ደግሞ ወደ ቋንቋው ልመለስ፤ በዚህ ጉዳይ ብዙም ሲወራ አልሰማሁም። “ባህሪ” የሚለው ቃላችን ራሱ ችግር አለበት። በእንግሊዝኛው ቃሉ አንድ ሰው የሚያደርገውን ነገር ነው የሚያመለክተው። በአማርኛ ግን “ባህሪው እንዴት ነው?” ስንል ሰውየው ምን ዓይነት ሰው ነው ማለታችን ነው። አትሌቱ “የአሰልጣኝህን ባህሪ ግለጽ” ሲባል የሚገባው “ደግ ነው ወይስ ክፉ?” ተብሎ ነው። ደግሞ በመጠይቁ አናት ላይ “የአሰልጣኞች ግምገማ” ብለን እንጽፋለን። ግምገማ የሚለው ቃል በዚህ አገር ምን ዓይነት ስብሰባ እንደሚያስታውስ ለአንባቢ መንገር አያሻኝም። ሰው እንደተገመገመ ያየ ሰው እስክሪብቶውን ተጠንቅቆ ነው የሚይዘው። “አድራጎት” ወይም ደግሞ በቀላሉ “አሰልጣኛችሁ በልምምድ ጊዜ ምን ያደርጋል?” ቢባል ይሻላል።

ከዚህ የሚብሰው አንቱታው ነው። እንግሊዝኛው “አሰልጣኜ” ብሎ ግሱን ሳይነካ ያልፋል። አማርኛ ግን መወሰን አለበት፤ ያስረዳል፣ ታስረዳለች፣ ወይስ ያስረዳሉ? በአንቱታ ከጻፍነው፣ ላደረጉት ነገር ምክንያት አይሰጡም የሚል ዓረፍተ ነገር ሲመጣ የአትሌቱ እጅ ይከብዳል። አንቱ ያልከውን ሰው በዚያው ዓረፍተ ነገር እንዴት ትወቅሰዋለህ? በአንተ ከጻፍነው ደግሞ ስድሳ ዓመት የሞላቸውን አሰልጣኝ “ያስረዳል” ማለት ለልጁ ነውር ነው፣ ወይ ይስቃል ወይ ይቆጣል። እኔ የደረስኩበት መፍትሔ ግሱን ጨርሶ ማውጣት ነው። “የልምምዱን ዓላማ ለእያንዳንዳችን ማስረዳት” ተብሎ ይጻፍና ከጎኑ ስንት ጊዜ እንደሆነ ይጠየቅ። አንተም አንቱም የለበትም፣ ወንድም ሴትም የለበትም። ለሴት አሰልጣኞችም ሌላ ቅጂ ማዘጋጀት አያስፈልግም።

የመልሱ ምርጫዎችም እንደዚሁ ናቸው። በመጀመሪያው መጠይቅ ከ“ሁልጊዜ” እስከ “በፍጹም” አምስት ደረጃዎች ሲኖሩ መካከለኞቹ በቅደም ተከተል 75፣ 50 እና 25 በመቶ ያህል ማለት ናቸው። እኛ ብዙውን ጊዜ “ብዙ ጊዜ፣ አንዳንድ ጊዜ፣ አልፎ አልፎ” ብለን እንተረጉማቸዋለን። ለመሆኑ በአንዳንድ ጊዜና በአልፎ አልፎ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቅ ማነው? እኔ ዶርም ውስጥ ስድስት ልጆች ጠይቄ ሦስቱ አንዱ ይበልጣል ሲሉ ሦስቱ ሌላው ይበልጣል አሉ። እንግዲህ አትሌቱ ባልተግባባንበት ቃል ላይ ያከብባል፣ እኛ ደግሞ 3 እና 2 ብለን እስከ ሁለት አሥርዮሽ እናሰላለን። “ከስንት አንዴ” የሚለው አባባል ለ25 በመቶው ይቀርባል። ከዚያም የተሻለው “ከአራት ልምምድ በሦስቱ፣ በሁለቱ፣ በአንዱ” ብሎ መጠየቅ ይመስለኛል፤ አትሌት ልምምድ መቁጠር ያውቃል።

ሌላም አለ። ከፈላጭ ቆራጭ ጥያቄዎቹ አንዱ አሰልጣኙ ራሱን ከሌሎች ያገለለ መሆኑን የሚመለከት ነው። ወደ አማርኛ ሲመጣ “ቁጥብ ነው” የሚል ትርጉም ይይዛል፣ ቁጥብ ደግሞ በእኛ አገር ምስጋና ነው። ልጁ ሊያመሰግነው ያከበበውን እኛ አምባገነንነት ብለን እንቆጥርበታለን። ይህ ክፍል በውጭ አገር በተሠሩ በርካታ ጥናቶችም የክሮንባክ አልፋው ከሌሎቹ ዝቅ እያለ የሚያስቸግር ነው፤ በአምስት ጥያቄ ብቻ የቆመ መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ትርጉሙ ይጨመርበታል። የአፍ መፍቻ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ወይም ሌላ ለሆነው አትሌት ደግሞ ይህ ሁሉ እጥፍ ነው፣ ምክንያቱም የትርጉም ትርጉም በጭንቅላቱ እየሠራ ነው የሚሞላው።

ስለ ስታቲስቲክሱ አጠር አድርጌ ልናገር። እንበልና 20 ተጫዋች ያለበት ቡድን ውስጥ ስምንቱ አሰልጣኙ ያመናጭቀናል ሲሉ “ሁልጊዜ” አሉ፣ 12ቱ “በፍጹም” አሉ። አማካዩ 2.6 ይሆናል። እኛም “መካከለኛ ነው” ብለን እናልፋለን። ነገር ግን ከሃያው አንድም ሰው መካከለኛ ነው አላለም! ምናልባት ስምንቱ ተቀያሪዎች ናቸው፣ ምናልባት አዲስ የመጡ ናቸው። ዋናው ግኝት እዚያ ነበር፣ አማካዩ ቀበረው። ሌላው ደግሞ አምስት አሰልጣኝ ስር ያሉ መቶ አትሌቶችን ጠይቆ “ናሙናዬ መቶ ነው” ማለት ነው። የምናጠናው አሰልጣኝን ከሆነ ናሙናው አምስት ነው። ሦስተኛ፣ ስለ አሰልጣኙም ስለ እርካታውም የጠየቅነው ያንኑ ልጅ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ወረቀት ላይ ነው። በሁለቱ መካከል “ጉልህ ግንኙነት” ባይገኝ ነበር የሚገርመው። ሰውን በአንድ ነገር የወደደ በሁሉም ነገር ከፍ አድርጎ እንደሚመዝነው ቶርንዳይክ የጦር መኮንኖች በአለቆቻቸው የተሰጣቸውን ነጥብ አይቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ “እንግዲያው መጠይቁን ትተን በዓይናችን እንቁጠር” ይላሉ። መቁጠሩ ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ታርፕና ጋሊሞር የዩሲኤልኤውን የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ጆን ውደንን በ1974–75 የውድድር ዘመን በ15 ልምምዶች ተከታትለው 2,326 የማስተማር አድራጎቶችን መዝግበዋል። ግማሽ ያህሉ መመሪያ ነበር፣ ውዳሴው ሰባት በመቶ ገደማ ብቻ። በቁጥሩ ብቻ ብናይ “ይህ ሰው ተጫዋች አያበረታታም” ልንል እንችላለን። ያ ጥቂት ውዳሴ ለተጫዋቹ ምን እንደነበረ ግን የሚያውቀው ተጫዋቹ ነው። ስለዚህ ቆጠራውም ጥያቄውም ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱ ያልተገናኙበት ቦታ ነው ለጥናት የሚመቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አሰልጣኙ መጠይቁ በሚሞላበት ሰዓት ሜዳው ላይ መኖር የለበትም። ይህ በትሕትና ሊጠየቅ ይችላል፣ ከደብዳቤው ላይ አስቀድሞ ቢጻፍ ደግሞ ማንንም አያስቀይምም። ወረቀቱ በአምበል እጅ ሳይሆን በታሸገ ፖስታ ይሰብሰብ። ጎግል ፎርም ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ሊንኩ የሚላከው አሰልጣኙ ባለበት የቡድኑ ቴሌግራም ግሩፕ ከሆነ ግን ምንም ለውጥ የለውም። ሦስተኛውን ቅጽ አሰልጣኙ ራሱ ይሙላው፣ እኛም ቢያንስ ጥቂት ልምምዶች ላይ ተቀምጠን እንመዝግብ። በሠንጠረዡም ላይ አማካይ ብቻ ሳይሆን በየቡድኑ ውስጥ ያለው ልዩነት ይታይ።

ደግሞ ጥያቄዎቹ የማይነኩት ነገር አለ። ይህ የ1980 መለኪያ ስለ ስድብ፣ ስለ ማስፈራራት፣ ታሞ ስለ ማሠልጠን አንድም ጥያቄ የለውም። ባርቶሎሚው፣ ንቱማኒስና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት የተቆጣጣሪ አሰልጣኝ መለኪያ በ15 ጥያቄዎች ማስፈራራትን፣ አትሌቱ ሲያጠፋ ፊት መንሳትን፣ በሽልማት መያዝንና የግል ሕይወት ውስጥ መግባትን ይጠይቃል። እሱን መጨመር ወይም መተካት ይቻላል። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው መልሱ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አንዲት ልጅ ወረቀቱ ላይ ከባድ ነገር ብትጽፍ ለማን ነው የምንነግረው? ለአድቫይዘራችን? ለክለቡ? እሷን ሳናጋልጥ እንዴት? ፕሮፖዛል ላይ ይህን የሚጠይቅ ክፍል የለንም፣ ሊኖረን ይገባል። ይህን የምጽፈው ለተማሪ ብቻ ሳይሆን ለመምህራኖቻችንም ጭምር ነው።

“ጊዜ የለም፣ የትራንስፖርት ገንዘብም የለም” እንደሚባል አውቃለሁ። አውነት ነው፣ የለም። እንዲያውም ለዚህ ነው ስድስት ክለብ ዞሮ በየክለቡ አሥር ደቂቃ ከመቆየት ሁለት ክለብ መርጦ ሁለት ሳምንት መቀመጥ የሚሻለው፤ በታክሲም ይረክሳል። የናሙናው ብዛት ሲጠየቅ መልሱን ፈታኞቻችንም እንዲቀበሉት አስቀድሞ መነጋገር ነው።

አንቱታ የሌለበትን የአርባውን ጥያቄ የአማርኛ ረቂቅ ለክፍል ጓደኞቼ ሰጥቻለሁ፣ አንድ ቅጂም በትምህርት ክፍሉ ሪሶርስ ሴንተር አለ። አፋን ኦሮሞ የሚችሉ ሁለት ልጆች ከእንግሊዝኛው በቀጥታ እየተረጎሙት ነው። አንብቦ “ከስንት አንዴ” የሚለውን ያልወደደ ሌላ ቃል ይዞ ይምጣ፣ አብረን አትሌቶች ፊት ጮክ ብለን እናነበውና እነሱ ይምረጡ።